ዋንድስወርዝ ላይ ከ44 ዓመት በኋላ ሌበር አሸነፈ፤ እኛስ የት ነበርን?

የባተርሲዋ
ዓርብ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ጠዋት

እንደምን አደራችሁ? እኔ እንኳ ሳልተኛ ነው ያነጋሁት። ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ይዤ የትናንቱን የካውንስል (የአካባቢ ምክር ቤት) ምርጫ ውጤት ስከታተል ነበር። ሊነጋጋ ሲል የኛ የዋንድስወርዝ ነገር ለየለት። ከ58 ወንበር የሌበር ፓርቲ 35 ወሰደ። ኮንሰርቫቲቭ 22 ቀረው። አንዷን ወንበር ዌስት ሂል ላይ የግል ተወዳዳሪው ማልኮም ግሪምስተን ያዙ።

ለምን እንዲህ እንደገረመኝ ልንገራችሁ። ለንደን በ32 ቦሮ የተከፈለች ናት። እንደ አዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ቁጠሩት፤ ግን የየቦሮው ሰው በየ4 ዓመቱ የራሱን ምክር ቤት ይመርጣል። ዋንድስወርዝን ኮንሰርቫቲቮች የያዙት በ1978 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ማርጋሬት ቴቸር ገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይሆኑ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጠቅላይ ሚኒስትር መጣ፣ ሄደ። ዋንድስወርዝ ግን ንቅንቅ አላለም። በ2018 ለጥቂት ተርፈው ነበር፤ 33 ለ26። ትናንት አበቃ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እዚህ ሀገር 17 ዓመቴ ነው። ዜግነቴን ያገኘሁት ዓምና ነው። ትናንት ከሥራ ስወጣ፣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር፣ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድኩ። የልጆች ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ የሕፃናት ሥዕል ተለጥፏል። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ስሜንና አድራሻዬን ጠየቁኝ፤ መዝገቡ ላይ ስሜን በማስመሪያ ሰረዙና ወረቀቱን ሰጡኝ። መታወቂያ አሳዪ ያለኝ የለም። ውስጥ ገብቼ በክር የታሰረች አጭር እርሳስ አገኘሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሦስት ቦታ ምልክት አደረግኩ። ሦስት ያልኩት በኛ ዋርድ (የምርጫ ሰፈር) ሦስት ካውንስለር (የምክር ቤት አባል) ስለሚመረጥ ነው።

ቀኑ ደግሞ ሚያዝያ 27 ነበር። የአርበኞች ቀን። አባቴ ቢኖር ምን ይል ነበር እያልኩ ወጣሁ።

በኛ ሕንፃ 9 የሐበሻ ቤት አለ። ዛሬ ጠዋት በዋትስአፕ ጠየቅኳቸው። የመረጥነው ሁለት ነን። ሦስቱ ዜግነት እያላቸው አልተመዘገቡም። የሌሎቹ ወረቀት ገና ነው። ይህን ያነሳሁት ለዚህ ነው። እናንተ ጋ እንዴት ነበር?


ሹፌሩ
ዓርብ ቀትር ላይ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። የመጀመሪያ ምርጫ ደስ ይላል።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔ ዜግነት ካገኘሁ 8 ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን መርጬ አላውቅም። ቀን ከሌሊት መሪ ላይ ነኝ። ካውንስለር ምን ያደርግልኛል? ኮንጀሽን ቻርጁን (መሀል ከተማ ለመግባት የሚከፈለውን) ያነሳልኛል? ዩሌዙን (አየር የሚበክል መኪና የሚከፍለውን) ይተውልኛል? ባለፈው ኦክቶበር እስከ ሰርኩላሩ መንገድ ድረስ አሰፉት፤ መኪናዬን በብድር መቀየር ነበረብኝ። ያኔ የጠየቀኝ ካውንስለር የለም። ሁሉም ያው ነው።


ቀለሟ
ዓርብ ከሰዓት

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ድካምህ ይገባኛል። ባለቤቴም ያንተው ሙያ ነው። ግን ዩሌዝም ኮንጀሽን ቻርጅም የካውንስል ሥራ አይደሉም። የለንደን ከንቲባ ሥራ ናቸው። ባቡርና አውቶቡስም እንደዚያው። ኢሚግሬሽን የሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ነው። ካውንስሉ ላይ ያንን ብትጠይቅ መልስ የለውም።

ካውንስሉ የሚይዘው ከበርህ ጀምሮ ያለውን ነው። ቆሻሻ ማንሳት። የሰፈር ፓርኪንግ ፈቃድና ቅጣት። የካውንስል ቤት ወረፋ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚመደብበት አሠራር። ለአቅመ ደካማ አረጋውያን ቤት ድረስ የሚመጣ ተንከባካቢ። ቤተ መጻሕፍት። የግንባታ ፈቃድ። የትኛው መንገድ ለመኪና እንደሚዘጋ ጭምር የሚወስነው እሱ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ አንተን በቀጥታ ይነካሃል። ዋንድስወርዝ በ2020 በየሰፈሩ የዘጋቸውን መንገዶች ሰው ሲጮህ ወዲያው ነው የከፈተው። ያ የካውንስል ውሳኔ ነበር።

ሌላም ልጨምር። ከንቲባው ሳዲቅ ካን የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ናቸው። ያደጉት እዚሁ ዋንድስወርዝ፣ ኧርልስፊልድ ውስጥ፣ ካውንስል ቤት ነው። በ1994 ለቱቲንግ ካውንስለር ሆነው ተመረጡ፤ እስከ 2006 በዚያው ቆዩ። ዛሬ ስለ ዩሌዝ የሚወስኑት ሰው የጀመሩት አንተ «ምን ያደርግልኛል» ካልከው ወንበር ነው።

እግረ መንገዴን፣ የመብራትና የጋዝ ዋጋ ንረቱን አስመልክቶ መንግሥት በ2022 የመደበው 150 ፓውንድ የተከፈለው በካውንስሉ በኩል ነው። ቤቱ በካውንስል ታክስ ደረጃ (ባንድ) ከኤ እስከ ዲ ለሆነ ሰው ይገባው ነበር። ካውንስል ታክሱን በዳይሬክት ዴቢት ለሚከፍል ወደ አካውንቱ ይገባ ነበር። ካልሆነ ግን ማመልከት ነበረበት። ብዙ ሐበሻ ይህን አልሰማም ነበር።


የቱቲንግ ባለሱቅ
ዓርብ ማታ

እኔ ሳልደብቅ ልናገር። ለኮንሰርቫቲቭ ነው የመረጥኩት፣ አዝኛለሁም።

ዋንድስወርዝ በካውንስል ታክስ ማነስ በመላ ሀገሪቱ የታወቀ ነው። የኛ ክፍያ ከጎረቤት ኪንግስተን ግማሽ አይሞላም። ያውም ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ1990 የፖል ታክስ (በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የካውንስል ግብር) ጊዜ ሌላው ሲቃጠል እዚህ 148 ፓውንድ ነበር። በማግስቱ ዓመት ዜሮ አደረጉት። ዜሮ! ያኔ እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን ነው የምንኖረው። ደብዳቤው ሲመጣ ስህተት መስሎን ለሦስት ሰው አስነብበናል።

ስለዚህ ውለታ አልረሳም። ሌበር ያሸነፈው ራሱ «ታክሱን ዝቅ እንዳለ እናቆየዋለን» ብሎ ምሎ ነው። ቃላቸውን ይጠብቁ እንደሆነ እናያለን። እኔ በየዓመቱ ደረሰኙን አስቀምጣለሁ።


የባተርሲዋ
ዓርብ ማታ

ጋሼ፣ ስለ ታክሱ ያሉት ልክ ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ግን በዚህ በኩል ደግሞ የሆነውን ልንገርዎ።

ባተርሲ የድሮው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ፣ ያ አራት ጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ ሕንፃ፣ ከቤቴ በእግር ይደረሳል። ዙሪያው ከ4 ሺህ በላይ ቤት እንዲሠራ ሲፈቀድ፣ 636ቱ ደሞዙ አነስ ላለ ሰው እንዲሆን ነበር የታሰበው። በ2017 አልሚዎቹ «ወጪው በዛብን» አሉ። ካውንስሉም ቁጥሩን ወደ 386 ዝቅ አደረገላቸው። 250 ቤት በአንድ ስብሰባ ቀረ።

ያንን ሰፈር ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ። መስኮቱ ሁሉ መስታወት ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ባቡር ጣቢያውም ተከፈተ። የአሜሪካ ኤምባሲም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግማሹ ፎቅ መብራት የለውም፤ ሰው አይኖርበትም ይመስላል። የኔ ልጅ ደግሞ 19 ዓመቷ ነው፣ አሁንም ከታናሽ እህቷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። ታክሱ ቢቀንስልኝም ያ 250 ቤት ያንገበግበኛል። ድምፄን የሰጠሁት እሱን እያሰብኩ ነው።


የቱቲንግ ባለሱቅ

ልጄ፣ ይሄስ እውነት ነው። እዚህ ላይ አልከራከርሽም።


ከግላስጎው
ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም የለንደን ሰዎች። እኔ ከስኮትላንድ ነኝ። አንድ ነገር ላሳውቃችሁ፤ እኔ የእንግሊዝ ዜግነት የለኝም። በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝቼ የ5 ዓመት ፈቃድ ነው ያለኝ። ሐሙስ ዕለት ግን መርጫለሁ።

እዚህ ሕጉ ከ2020 ጀምሮ ተቀይሯል። በስኮትላንድ የሚኖር፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የውጭ ዜጋ የካውንስል ምርጫ ላይ መምረጥ ይችላል። ዌልስም እንደዚያው አድርጓል፤ ካርዲፍ ያለው የአጎቴ ልጅ በዚሁ ቀን መርጧል። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁት ግን አይችሉም። ዕድሜውም እኛ ጋ ከ16 ጀምሮ ነው።

አመራረጡም ይለያል። ምልክት አናደርግም፤ 1፣ 2፣ 3 እያልን በምርጫችን ቅደም ተከተል ቁጥር እንጽፋለን። ውጤቱን ታውቃላችሁ? ግላስጎው ከ85 ወንበር ኤስኤንፒ (የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ) 37፣ ሌበር 36። በአንድ ወንበር! ግሪን 10፣ ኮንሰርቫቲቭ 2። እኔ ያን ቁጥር ሳይ የራሴን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ያየሁት መሰለኝ።


ገና ነኝ
ቅዳሜ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ለንደን ነኝ። ኢንደፊኒት (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ካገኘሁ አራት ወር ሆነኝ። ቤት አብራኝ የምትኖረው ልጅ ኬንያዊት ናት፤ የመጣችው ባለፈው ዓመት ለትምህርት ነው። እሷ ሐሙስ ዕለት መርጣ መጣች! እኔ 7 ዓመት ኖሬ አልችልም ተባልኩ። እንዴት ነው ነገሩ?


ቀለሟ
ቅዳሜ

እህቴ፣ ስህተት አይደለም። ሕጉ ነው፤ ሲሰሙት ግን ያማል።

እንግሊዝ ውስጥ በካውንስል ምርጫ መምረጥ የሚችለው የእንግሊዝ ዜጋ፣ የአየርላንድ ዜጋና ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የኮመንዌልዝ (የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የበዙበት ኅብረት) አገር ዜጋ ነው፤ በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ሁሉም ይችል ነበር። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ ሁሉም ኮመንዌልዝ ናቸው። ሩዋንዳ እንኳ የእንግሊዝ ቅኝ ሳትሆን በ2009 ገብታለች። ስለዚህ የነሱ ሰው በተማሪ ቪዛም ቢሆን ይመርጣል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ቅኝ ባለመገዛታችን የምንኮራበት ታሪክ እዚህ በር ላይ ሲደርስ ወረፋ ያስይዘናል።

ከጣልያን፣ ከስዊድን፣ ከሆላንድ ፓስፖርት ይዘው ወደዚህ የመጡ ወገኖቻችን ግን በ2022 ይችሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አያውቁትም ነበር።

አንቺ ኢንደፊኒትሽን ካገኘሽ አንድ ዓመት ሲሞላሽ ለዜግነት ማመልከት ትችያለሽ። ከአሁኑ ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ ፈተናውን (ስለ አገሩ የሚጠይቀውን) ውሰጂ፤ 24 ጥያቄ ነው፣ 18 ማግኘት አለብሽ። ክፍያው 50 ፓውንድ ነው። ዋናው ማመልከቻ ግን በ2022 ዓመት 1,330 ፓውንድ ነበር። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ዕቁብ ካለሽ ለዚህ አስቢው።


ገና ነኝ

አመሰግናለሁ እህቴ። ዕቁቡ የሚደርሰኝ ጃንዋሪ ላይ ነው። ለሱ አስቤዋለሁ።


አዳሙ ዘኢዝሊንግተን
ቅዳሜ ማታ

የኮመንዌልዙ ነገር እውነት ነው፤ ግን ሁሉን በሱ አናሳብብ። ሶማሌዎችም ኮመንዌልዝ አይደሉም። እንደኛው በስደት ነው የመጡት። ዛሬ ለንደን ውስጥ ብዙ ሶማሌ ተወላጅ ካውንስለሮች አሉ። ከኛ ስንት ታውቃላችሁ?

እነሱ ምን እንደሚያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ዜግነት ሲያገኝ በዚያው ሳምንት ይመዘግቡታል። እናቶቹን በመኪና ወደ ምርጫ ጣቢያ ያመላልሳሉ። ተወዳዳሪው መጥቶ መስጊድ በር ላይ ቆሞ ይለምናቸዋል፤ ምክንያቱም ይመርጣሉ። የኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለፋሲካ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ቆሞ ነበር። አንድም ተወዳዳሪ አልመጣም። የት ሄደው ነው ብለን ከማማረር፣ ለምን ይመጣሉ ብለን እንጠይቅ።


አገሬ
እሑድ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ልቤ አልቀበል አለ። እናቴ ያለችበት አካባቢ ስልክ ከተቋረጠ ወራት አለፈው። በሕይወት መኖሯን ያወቅኩት በሦስተኛ ሰው ነው። አገራችን በዚህ ጣጣ ላይ ሆና ስለ እንግሊዝ ቆሻሻ ማንሻና ስለ ፓርኪንግ እንዴት ነው የምናወራው? እኔ ጋዜጣ ስከፍት ዓይኔ የሚሄደው ወደ አገር ቤት ነው። ይህን እንደ ስንፍና አትዩብኝ።


የባተርሲዋ
እሑድ

እንደ ስንፍና አላየውም፣ እህት ዓለም። እግዚአብሔር እናትሽን ይጠብቅልሽ። ድምፃቸውን ለመስማት ያብቃሽ።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳንቺ ነበርኩ። ያስተካከለኝ አንድ ነገር ነው። ለአገር ቤት ሰው የምንልከው ገንዘብ ከዚህ ቤት ኪራይ የተረፈው ነው። ኪራዩ ሲጨምር የእናቴ መድኃኒት ይቀንሳል። እኔ ሁለቱን መለየት አቃተኝ።

ደግሞ ሲልቪያ ፓንክረስትን አስቢ። እኚህ ሴት በምሥራቅ ለንደን ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ደጋግመው ታስረዋል፤ በረሃብ አድማ ሊሞቱ ደርሰዋል። ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ቀን፣ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮኸውን ጋዜጣቸውን የመጀመሪያ ዕትም ለንደን ላይ አወጡ። ኋላም አዲስ አበባ ሄደው ኖሩ፤ እዚያው አረፉ። መቃብራቸው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ለለንደን ሴቶች ድምፅም ለኢትዮጵያ ነፃነትም የተዋጉት አንድ ሰው ናቸው። ሐሙስ ዕለት ያቺን እርሳስ ስይዝ እሳቸው ትዝ ብለውኛል።


አገሬ

አሜን። ስለ ሲልቪያ ጋዜጣ ቀን አላውቅም ነበር። እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ።


ቆጣሪው
እሑድ ማታ

ቁጥር የምወድ ሰው ነኝና የቀሩትንም ላምጣላችሁ፤ አሁን ሁሉም ተጠናቋል።

ዌስትሚኒስተር፦ ሌበር 31፣ ኮንሰርቫቲቭ 23። ካውንስሉ በ1964 ከተቋቋመ ጀምሮ ሌበር አሸንፎት አያውቅም ነበር። ባርኔት፦ ሌበር 41፣ ኮንሰርቫቲቭ 22። ይህም ለሌበር ብቻውን የመጀመሪያው ነው።

ሰው ሁሉ «የኮንሰርቫቲቩ ቦሪስ ጆንሰን በኮሮና እገዳ ጊዜ በተደረገው ግብዣ ተቀጥተው ነው፣ ኑሮም ተወዶ ነው» ይላል። ያ አንዱ ምክንያት ነው፤ ኤፕሪል ላይ የፖሊስ ቅጣት ከመጣባቸው ገና አንድ ወር አልሞላም። ግን ሃሮውን ተመልከቱ። በዚያው ቀን፣ በዚችው ለንደን፣ ኮንሰርቫቲቭ ከሌበር ነጠቀ፤ 31 ለ24። ክሮይደን ደግሞ በሌበር ዘመን፣ በ2020 ኖቬምበር፣ ካውንስሉ ገንዘብ አልቆበት ነበር። ሰዉ አልረሳም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በተመረጠው የከንቲባ ወንበር ላይ የኮንሰርቫቲቩን ጄሰን ፔሪን አስቀመጠ። ታወር ሃምሌትስ ላይ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች ተሸነፉ። ሉትፉር ራህማን በ2015 በፍርድ ቤት ከከንቲባነት ወርደው 5 ዓመት ታግደው ነበር። ዘንድሮ ተመለሱ፤ አስፓየር የሚባለው ፓርቲያቸውም ከ45 ወንበር 24 ያዘ። ስለዚህ ሁሉም ቦሮ የራሱን ሂሳብ ነው ያወራረደው።

የሚከነክነኝን ልናገር። ሉዊሽም ላይ 54 ወንበር አለ። 54ቱንም ሌበር ወሰደ። ባርኪንግና ዳገንሃም ላይም 51ዱን። እዚያ ሌላ ፓርቲ የመረጠ ሰው የለም? ሞልቷል! ግን እንግሊዝ ውስጥ በየዋርዱ ብዙ ድምፅ ያገኙት ብቻ ያልፋሉ፤ የቀረው ድምፅ የትም አይቆጠርም። ከግላስጎው የጻፍከው ወንድሜ፣ የናንተ አቆጣጠር በዚህ ይሻላል። አንድም ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት ማን ነው የሚጠይቀው? እኔ ለሌበር የመረጥኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ግን አያስደስተኝም።

አንድ ምክር ደግሞ። ዋርዳችሁ ሦስት ካውንስለር ካለው ሦስት ምልክት ማድረግ ትችላላችሁ። ሐሙስ ዕለት የጠየቅኳቸው አራት ሐበሾች አንድ ብቻ አድርገው ነው የወጡት። አንድ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለቱን ግን ሜዳ ላይ ጥለውታል።


የሁለት ልጆች እናት
ሰኞ

ሳነብ ቆይቼ ነው። የምኖርበትን ቦሮ ስም አልጠራም፤ ቤቱ አሁንም የነሱ ስለሆነ።

የልጄ አልጋ ያለበት ግድግዳ በሻጋታ ጠቆረ። በበረኪና አጥበዋለሁ፤ በሳምንቱ ይመለሳል። ክረምት ላይ አንሶላውን ስነካው እርጥብ ነው። ልጄ በሌሊት ሳል ይዞት ይነሳል። 14 ወር ደወልኩ። በደወልኩ ቁጥር የማመልከቻ ቁጥር ይሰጡኛል። ደብተር ገዝቼ እጽፈዋለሁ። ሁለት ገጽ ሞላ።

አንዲት ጃማይካዊት ጎረቤቴ «ካውንስለርሽ ሰርጀሪ አለው፣ ሂጂ» አለችኝ። ሐኪም ቤት መስሎኝ «ልጁን ሐኪም አይቶታል» አልኳት። ለካ ካውንስለሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጦ የሰፈሩን ሰው ችግር የሚሰማበትን ሰዓት ነው እንዲያ የሚሉት! ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር። ደብተሬን አሳየሁት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ራሱ ወረቀት ገለበጠ። በስልኬ ያነሳሁትን የግድግዳውን ፎቶ ሲያይ ዝም አለ። በ9ኛው ቀን መርማሪ መጣ። በሁለት ወሩ ግድግዳው ተፍቆ ተለሰነ፣ አየር ማስወጫም ተገጠመልኝ።

መጨረሻ ላይ «ለምርጫ ተመዝግበሻል?» ሲለኝ አፍሬ «አልችልም፣ ዜጋ አይደለሁም» አልኩት። «ችግር የለም፣ በዚህ ዋርድ እስከኖርሽ ድረስ የኔ ሰው ነሽ» አለኝ። ስለዚህ ወረቀት የሌላችሁም ሂዱ። መብታችሁ ነው። ደብተር ግን ያዙ።


ሹፌሩ
ሰኞ ሌሊት

እህቴ፣ የልጅሽ ነገር ሆዴን በላው። አሁን ደህና ነው?

እኔ ተሳፋሪ ስጠብቅ ሁሉንም አነበብኩ። የመንገድ መዝጋቱ የካውንስል እንደሆነ በእውነት አላውቅም ነበር። እንዴት ነው የሚመዘገበው? ምርጫው ካለፈ በኋላስ ይቻላል?


የሁለት ልጆች እናት

ደህና ነው፣ ተመስገን። ሳሉ ቀንሶለታል።


ቀለሟ
ማክሰኞ

በማንኛውም ቀን ይቻላል ሹፌሩ። የዘንድሮው ማብቂያ ኤፕሪል 14 ነበር፤ ለሚቀጥለው ግን ዛሬውኑ ተመዝገብ። በመንግሥት ድረ ገጽ 5 ደቂቃ ነው። ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ዜግነትና ናሽናል ኢንሹራንስ (የሥራና የግብር መለያ) ቁጥር ይጠይቁሃል። ቤት ስትቀይር እንደገና መመዝገብ አለብህ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ መኖር ብድር ስትጠይቅም ይጠቅምሃል፤ ባንኮች ያዩታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ2022 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የጸደቀው የምርጫ ሕግ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ያደርጋል። ከእንግዲህ እንደ ሐሙሱ ስም ብቻ ተናግሮ መምረጥ ይቀራል። ፓስፖርቱ የተቃጠለበት፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው፣ በተለይ እናቶቻችን፣ ከአሁኑ ያስቡበት።


እማማ ዘፔካም
ረቡዕ

ልጆቼ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ዜግነት ከወሰድኩ 21 ዓመት ሆኖኛል። መርጬ አላውቅም። ጉልበቴ አይችልም፣ ፈረንጅኛውም አይገባኝም ብዬ ነው። ያቺ የባተርሲዋ ስለ አርበኞች ቀን የጻፈችውን ስታነብልኝ አለቀስኩ። አባቴ አርበኛ ነበሩ። ከቤት ሳልወጣ መምረጥ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው? ለእርጅናዬ አያስቁብኝም?


የባተርሲዋ
ረቡዕ

እማማ፣ ማን ይስቅብዎታል! እውነት ነው። ፖስታል ቮት ይባላል። ለማንም ምክንያት መናገር አያስፈልግዎትም። አንድ ቅጽ ይሞላል፣ የልደት ቀንዎና ፊርማዎ ይሰፍርበታል። ከዚያ ምርጫ ሲደርስ ወረቀቱ ቤትዎ ይመጣል። ቤትዎ ተቀምጠው ምልክት ያደርጋሉ፣ በፖስታ ይመለሳል። መመሪያውን የሚያነብልዎት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ምርጫው ግን የእርስዎ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ቅጹን አትሜ ይዤ ነው የምመጣው። ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርዎ ያለበትን ወረቀት ብቻ ያዘጋጁልኝ።


እማማ ዘፔካም

እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ። ቡና አፈላለሁ። አንድ የምጠይቅሽ ግን፣ እኔ የምፈርመው በአማርኛ ነው። ስሜን በፊደል ነው የምጽፈው። አይቀበሉኝ ይሆን?


የባተርሲዋ

ይቀበሉዎታል እማማ። ፊርማ ፊርማ ነው። ዋናው ነገር በኋላ ድምፅዎን ሲልኩም ያንኑ መፈረም ነው፤ ሁለቱን አስተያይተው ነው የሚያዩት። በፊደል ይፈርሙ፣ ልክ እንደለመዱት።


እማማ ዘፔካም

እንግዲያው እስከ እሑድ እጄን አፍታታለሁ። መነጽሬንም አስጠግናለሁ።


ሹፌሩ
ሐሙስ

እማማ፣ እኔም ፔካም አካባቢ ነው የምሠራው። እሑድ የባተርሲዋን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንስቼ እርስዎ ጋ አደርሳታለሁ። የኔንም እዚያው እንመዘግባለን።